አሜን የጎደለው ቅጂ

በዚያን ጊዜ ነገሌ ቦረና መጥታችሁ «እሸቱ ቪዲዮ ቀራጩ» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቀኝ ሰው አታገኙም። «ጸጥታው የታለ?» ብትሉ ግን ባለጋሪው ሳይቀር ሱቄ በር ድረስ ያደርሳችሁ ነበር። ስሙን ያወጡልኝ ሠርገኞች ናቸው። ሠርግ ልቀርጽ በገባሁበት ቤት ሁሉ ከሽማግሌው ቀድሜ አፌን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። «ጸጥታ! ጸጥታ እባካችሁ! እልልታውን ቆይ በሉት! ያንን ሕፃን አስወጡልኝ!» የሙሽራ እናት በልጇ ሠርግ እልል እንዳትል የከለከልኩ ሰው ነኝ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ምን ላድርግ፣ ምስሉ ቢደበዝዝ ግድ የለኝም፤ ድምፅ ላይ ግን ቀልድ አላውቅም ነበር። ሱቄ በር ላይ እንኳ «ዝም አይነቅዝም» ብዬ በቀይ ቀለም አጽፌያለሁ። ተረቱን የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ አስተማሪ ሆነው ከጎጃም የመጡ ሰው ናቸው፤ እኔ ግን እዚሁ ነገሌ ተወልጄ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ እየተሳደብኩ ያደግኩ ነኝ።

ለዚህ ለድምፅ ፍቅሬ ስል በገዛ እጄ የሠራኋት ማይክ ነበረችኝ። ከተበላሸ ቴፕ ያወጣኋትን የሽንብራ ፍሬ የምታህል ማይክ ረጅም ሸንበቆ ጫፍ ላይ አሰርኳት፤ ከፍራሽ በቆረጥኩት ስፖንጅ ሸፈንኳት፤ ገመዷን በሸንበቆው ላይ አውርጄ ከትንሿ መቅረጫ ጋር አገናኘኋት። ሸንበቆውን ከሰው ራስ በላይ ዘርግቼ ስቆም፣ እኔ ራቅ ብዬ የተናጋሪውን ድምፅ ከአፉ ሥር እለቅማለሁ። የሰፈር ሰው «ቀጭኔ» አላት። እኔም ወደድኩት። ማንም እንዲነካት አልፈቅድም ነበር።

እንግዲህ ይህን የመሰልኩ ሰው ሆኜ ሳለሁ ነው ዳርሚ ሱቄ የመጣችው።

ዳርሚ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት። ያኔ ነገሌ አስተማሪ ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። ገባችና ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

«እሸቱ፣ ቀጭኔህን ይዘህ ዱብሉቅ ትሄድልኛለህ?»

«ዱብሉቅ ምን አለ? ሠርግ ነው?»

«አባቴ ናቸው» አለች።

አባቷ ኦቦ ጋልገሎ ጉሮሯቸውን ታመዋል። አዲስ አበባ ያያቸው ሐኪም ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው ነግሯቸዋል፤ በሽታውን ለማውጣት ግን ድምፅ የሚወጣበት አካል አብሮ መውጣት አለበት። ይድናሉ። ይበላሉ፣ ይሄዳሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ያቅፋሉ። መናገር ግን ከእንግዲህ የለም።

«ልጄ ስም ሲወጣለት የሚመርቁት እሳቸው ነበሩ» አለች ሆዷን ደግፋ። «እኔ ሳገባ መርቀውኛል። ወንድሞቼን መርቀዋል። አገር ምድሩን መርቀው ለኔ ልጅ ሲሆን ሊያልቅ? ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡስ ይሄዳሉ። ያለን ረቡዕ ብቻ ነው።»

«ድምፃቸው አሁን እንዴት ነው?»

«ጠዋት ጠዋት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ እየቀጠነ ይሄድና ይዘጋል።»

ኦቦ ጋልገሎን በዝና አውቃቸው ነበር። በጉልምስናቸው፣ ኤላ ከሚባለው ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ወንዶች ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ውኃ ሲቀባበሉ፣ ዜማውን የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ አሉ። ሲሸመግሉ ደግሞ አስታራቂና መራቂ ሆኑ። የሳቸውን ድምፅ መውሰድ የሯጭን እግር እንደ መውሰድ ነው። «እሄዳለሁ» አልኳት።

ማክሰኞ ጨው በጫነ አይሱዙ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄድን። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ዳርሚ ሆዷን አቅፋ፣ እኔ ቀጭኔዬን አቅፌ ስንገጫገጭ ዋልንና ማምሻውን ዱብሉቅ ገባን።

ረቡዕ ጠዋት ግቢው በሰው ሞልቶ አገኘሁት። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ሊሰናበት የመጣው ሁሉ ተሰብስቧል። ኦቦ ጋልገሎ ከቤታቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ጎንበስ ብዬ «አካም ቡልተኒ?»፣ እንዴት አደሩ አልኩ።

«ናጋ፣ ናጋ» አሉ ሻካራ በሆነ ድምፅ። ናጋ ሰላም ማለት ነው። ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ጸጥታ የሚሉህ አንተ ነህ?»

ስሜ ቀድሞኝ ዱብሉቅ ገብቷል! ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሥራ ላይ ነኛ።

«አባባ፣ ይህ ሰው ሁሉ ካልወጣ መቅረጽ አይቻልም።»

«የት ይሂድ? ሊሰማ እኮ ነው የመጣው።»

«ከግቢው ራቅ ይበልልኝ። ሳል አለ፣ ወሬ አለ፣ ዕቃ ይወድቃል። ለልጅ ልጅዎ የሚቀመጥ ድምፅ ንጹሕ መሆን አለበት።»

ኦቦ ጋልገሎ ዳርሚን አዩ፤ ዳርሚ እኔን አየች። እኔ ደግሞ የባለሙያ ፊቴን አጠቆርኩ። ሰዉ ተነሥቶ እያጉረመረመ ከግቢው ውጭ ካለው ግራር ሥር ሄዶ ተቀመጠ። መጨረሻ የወጡት አንዲት አሮጊት በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው «ቀብር ነው እንዴ የምትቀርጹት?» አሉኝ።

ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ጣል አድርጌ ቀጭኔን ዘረጋሁ። ምርቃቱ በኋላ ይመጣል፣ መጀመሪያ ስለ ዘር ሐረጋቸው ይንገሩን ተባብለናል። ኦቦ ጋልገሎ ጀመሩ። ገና አያታቸው ጋ ሳይደርሱ ማዳመጫው ውስጥ ቋ! ቋቋ! ጭርርር!

«አቁሙ! ይቅርታ አባባ፣ ያቁሙ።»

ቀጭኔን ፈታኋት። የአይሱዙው መንገጫገጭ ገመዱን ከማይኳ ላይ አላቆታል። መበየጃ ይዣለሁ፤ ግን መብራት ጠፍቷል። ዳርሚ ከሰል አቀጣጠለች፤ ረጅም ሚስማር ፍም ውስጥ አግዬ በፒንሳ ይዤ ያቺን የፀጉር ያህል ሽቦ መልሼ ስበይድ ላብ አጠመቀኝ። አንድ ሰዓት ሄደ።

«በሉ አባባ፣ ከመጀመሪያው።»

ከመጀመሪያው ጀመሩ። አሁን ደግሞ ክርክር፣ ክርክር የሚል ድምፅ። ይህኛው ገመዱ ሸንበቆው ላይ ሲንሸራተት ነው። ከሳይክል ካላማዳሪያ ላይ ቀጫጭን ጎማ ቆርጬ ገመዱን ከላይ እስከ ታች ጠፍሬ አሰርኩት። የቃል ኪዳን ቀለበቴንም አውልቄ ኪሴ ከተትኩ፤ ሸንበቆውን እንዳይነካው። «ከመጀመሪያው አባባ።»

ሦስተኛው ላይ ንፋሱ መጣ። የዱብሉቅ ንፋስ አራት ሰዓት ሲሆን ሜዳው ላይ ተነሥቶ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ገባን፣ መስኮቱን ዘጋን፣ እኔም ጠጉሩ ያልተላጨ የፍየል ቆዳ ለምኜ ስፖንጁን ጠቀለልኩበት። ኦቦ ጋልገሎ ጠጉራሟን ማይክ ቀና ብለው አዩና «ቀጭኔህ ፍየል ሆነች» አሉ። ዳርሚ ሳቀች። እኔም ትንሽ ሳቅኩ። ነገር ግን ያን ሲናገሩ ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰብሮ ነበር፤ «ሆነች» የሚለው ከትንፋሽ ብዙም አይበልጥም። ዳርሚ ሳቋን አቋርጣ ለብ ያለ ወተት ልታመጣላቸው ተነሣች።

ያኔ ነው መደንገጥ የጀመርኩት። እኔ ጩኸት ባሳደድኩ ቁጥር ድምፃቸው እያለቀ ነው።

አራተኛው ጀመረ። ብየዳው ይዟል፣ ገመዱ አይንሸራተትም፣ ንፋሱ ውጭ ቀርቷል። ጥርት ያለ! በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። ኦቦ ጋልገሎ «አባቴ ከዚህ ኤላ ሲቀዳ» አሉ፤ ከዚያ ማዳመጫው ውስጥ «ህእ!» አለ።

ምንድን ነው?

«በድርቁ ጊዜ ነው» አሉ። «ህእ!»

አጭር፣ ስለታም፣ አየር የመምጠጥ ዓይነት ድምፅ። ሐሳባቸውን በጨረሱ ቁጥር ይመጣል። አስቆምኳቸው። ቆዳውን ፈታሁ፣ ስፖንጁን ቀየርኩ፣ ማይኳን አውጥቼ አየኋት፣ ባትሪ ለወጥኩ። እንደገና፣ «ህእ!» በሩ ሥር ጨርቅ ወተፍኩ። «ህእ!» አልጋው ሥር ድመት አለ ብዬ በሆዴ ተኝቼ ፈለግኩ። ድመት የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ሆንኩ፤ ስምንት ሰዓት አለፈ፣ እኔ አሁንም ፈትቼ እገጥማለሁ። ኦቦ ጋልገሎ ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

በዚያ መሃል ለልጃቸው ዝቅ ባለ ድምፅ በኦሮምኛ «ይሄ ልጅ አስም አለበት እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። ያፌዙብኛል ብዬ ተናደድኩ።

«እስቲ ማዳመጫውን ስጠኝ» አለች ዳርሚ።

«ምን ታውቂያለሽ አንቺ?»

«ስጠኝ ነው የምልህ!»

ሰጠኋት። የተቀረጸውን ከፍቼላት አዳመጠች። ትንሽ እንደቆየች ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ማዳመጫውን አወለቀች።

«ትናንት አይሱዙው መንገድ ላይ ቆሞብን አልነበር?» አለችኝ።

«ህእ» አልኩ።

«ሾፌሩም ጎማውን ሊያይ ወረደ።»

«ህእ።»

«አንተም ቀጭኔህን ታቅፈህ ቀረህ።»

«ህእ…» ብዬ መሃል ላይ ክው ብዬ ቀረሁ።

ዳርሚ በሳቅ ፈረሰች። «አንተ ነህ! ዋቆ፣ አምላኬ! ቀኑን ሙሉ የፈለግከው ጩኸት አንተ ነህ!»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ። ታውቋታላችሁ፣ ሰው ሲያወራልን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ፣ እየሰማሁ ነው» የምንልባትን ድምፅ። አባቴ እንደዚያ ናቸው፤ እናቴም እንደዚያ ናት፤ እቤታችን ውስጥ ወሬ ከተጀመረ ሁላችንም እንምጋለን። እኔ ግን ማድረጌን በሕይወቴ አስተውዬ አላውቅም። እንዲያውም ወሬው ልቤን በነካው መጠን አብልጬ እስባለሁ።

አፈርኩ። ግን ትምህርት የወሰድኩ እንዳይመስላችሁ። ጩኸቱ ከተገኘ መድኃኒቱ ቀላል ነው ብዬ መሐረቤን አጣጥፌ አፌ ውስጥ ወተፍኩ። ዳርሚንም ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ «አንዲት ቃል እንዳታወጪ» አልኳት በምልክት። የዘር ሐረጉን ተውነው፤ ድምፁ ሳያልቅ ወደ ምርቃቱ እንዲገቡ በእጄ ለመንኳቸው።

ኦቦ ጋልገሎ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቀና አሉ። የቀረቻቸውን ድምፅ ከደረታቸው ሰበሰቡ። «ናጋ!» አሉ።

ጸጥ።

ማዳመጫው ውስጥ ምንም የለም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ድምፅ ከዚያ በፊት ቀርጬ አላውቅም። ሸንበቆውን ይዤ በደስታ ቀጣዩን ቃል ጠበቅኩ። ቀጣዩ አልመጣም። ሽማግሌው እኔን አዩኝ፤ መሐረብ በአፌ ወትፌ ቆሜያለሁ። ልጃቸውን አዩ፤ ከንፈሯን ነክሳ አቀርቅራለች።

«ናጋ» አሉ እንደገና፣ ቀስ ብለው።

ጸጥ።

ዱላቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ምነው?» አሉ። «ምርቃቴን አልፈለጋችሁትም?»

ዳርሚ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መሐረቡን ከአፌ አወጣሁ።

«አባባ፣ ኧረ በፍጹም! ዝም ያልነው ድምፁ እንዲጠራ ብለን ነው።»

«ኢልማ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንድ ሰው ናጋ ሲል ሰው ናጋ ብሎ ይመልሳል። ያልመለሰ ሰው አልቀበልም ማለቱ ነው። እናንተስ ቤት ሽማግሌ ሲመርቅ አሜን አይባልም?»

«ይባላል።»

«ታዲያ አሜኑን ምን አደረግከው?»

አሜኑን ግራር ሥር አስቀምጬው ነበር። የሱቄን በር ተረት ማንሣቴ ደግሞ የባሰ ሞኝነት ነው። «ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ አባባ» አልኩ።

«ዱጋ። እውነት ነው፣ አይነቅዝም» አሉ። «አይበቅልምም።»

ሸንበቆዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ወጣሁ። ጠዋት በእጄ ያባረርኩትን ሰው በእግሬ ሄጄ ልጠራ። ግራሩ ሥር ደርሼ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ። ምርቃቱ ሰው አጥቷል፣ ኑ» አልኩ። ያቺ አሮጊት ከፊት ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝና «ቀብሩ አለቀ?» አሉ። «አለቀ እማማ» አልኩ። እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ደግፌ አስነሣኋቸው።

ቤቱ ሞላ። የቀረው በር ላይና መስኮት ላይ ቆመ። መስኮቱን ራሴ ከፈትኩት፤ ንፋሱም ይግባ። ኦቦ ጋልገሎ ሰዉን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ናጋ!» አሉ።

«ናጋ!» አለ ቤቱ።

ጆሮዬ ውስጥ እንደ ነጎድጓድ ገባ። ጠዋት ቢሆን ማዳመጫውን ወርውሬ እጮህ ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር አየሁ። የሽማግሌው ድምፅ አደገ። ያቺ የቀጠነች ድምፅ ከሰዉ መልስ በኋላ እየበረታች ትመጣ ጀመር። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሰዉ መልሱን ትንሽ ይጎትተዋል፤ እሳቸው በዚያች ፋታ አየር ስበው ይቀጥላሉ። ዝናብ በወቅቱ ይውረድ አሉ፤ ይውረድ ተባለ። ከብቱ ይርባ አሉ፤ ይርባ ተባለ። ከዚያ ወደ ዳርሚ ሆድ ዞሩ።

«ይህ ልጅ ሲጣራ አቤት የሚለው አይጣ።»

«አይጣ!»

አንድ ጊዜ ድምፃቸው ጭራሽ ጠፋ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማ ግን የለም። ያቺ አሮጊት ግን ቃሉን ከከንፈራቸው አንብበው መለሱ፤ ሰዉ ተከተላቸው። ድምፁም ተመልሶ መጣ። እስከ መጨረሻው ደረሱ። እኔም ሸንበቆዬን ይዤ እንባዬ እየወረደ አብሬ ጮህኩ፤ በየመሃሉም እንደ አባቴ «ህእ» ስል ራሴን ሰማሁት፤ ተውኩት።

ያ ቅጂ ሳል አለበት። ዶሮ አለበት። ዕቃ ሲወድቅም ይሰማል። አንዲት ነገር አልቆረጥኩለትም።

ሐሙስ ጠዋት ሄዱ። ቀዶ ጥገናው ተሳካ፤ ኦቦ ጋልገሎ ድምፃቸውን አዲስ አበባ ትተው በሕይወት ተመለሱ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ሆኜአለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። አሁንም ገመድ ሲንኮሻኮሽ ያመኛል፣ አሁንም እቆጣለሁ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሰው አስወጥቼ አላውቅም። ሠርግ ስቀርጽ የሙሽራ እናት ጋ ቀርቤ «እልል ይበሉ እንጂ!» የምል ሆኛለሁ። ሥራዬም ተለወጠ፤ አሁን ከሊበን እስከ ፊልቱ እየዞርኩ የሽማግሌዎችን ጨዋታ እቀርጻለሁ፤ ስቀርጽም ሰሚዎቻቸውን ከፊታቸው አስቀምጣለሁ። እቤታችሁ ውስጥ የሚያወራ ሽማግሌ ካለ ስልካችሁን አውጥታችሁ መቅረጻችሁ ደግ ነው። አደራ ግን፣ አፋችሁን አትዝጉ። የዚያን ቀን ኦቦ ጋልገሎ አሜኑን ባይጠይቁኝ ኖሮ፣ ለዳርሚ ልጅ የማስቀምጠው ለብቻቸው ናጋ ሲሉ የሚያሰማ ቅጂ ነበር።

የዳርሚ ልጅ ሴት ሆነች። ስም ሲወጣላት እኔም ተጠርቼ ዱብሉቅ ሄድኩ። ኦቦ ጋልገሎ ከስተዋል፣ አንገታቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ልጅቷን ታቅፈው ከሰዉ መሃል ተቀምጠዋል። ቀጭኔን በአንድ እጄ ዘርግቼ ቅጂውን በድምፅ ማጉያ ከፈትኩት። «ናጋ!» አለ የሳቸው ድምፅ። ግቢው ሁሉ «ናጋ!» አለ። ኦቦ ጋልገሎም ከሰዉ ጋር ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲመርቁ የኖሩ ሰው፣ ያን ቀን አሜን ባይ ሆኑ።

«ይህ ልጅ ሲጣራ አቤት የሚለው አይጣ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሕፃኗ ነቃችና በአያቷ ድምፅ ላይ ለቀቀችው። ምን ዓይነት ልቅሶ! ምርቃቱ ሊሰማ አልቻለም። ዳርሚ ደንግጣ ልትቀበላቸው ተነሣች፤ ሰዉም ወደ እኔ ዞረ፣ ምን እንደምል ሊያይ። ኦቦ ጋልገሎ ልጅቷን አልሰጡም። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ያለ ድምፅ እየሳቁ ነበር። እጃቸውን አንሥተው ማይኬን አመለከቱኝ፣ ቀጥለው የልጅቷን አፍ።

ሸንበቆውን ዝቅ አድርጌ አስጠጋሁላት።